የዳማው መጠቅለያ

ጋሽ ደርበው ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረስ በዓል ኮርቻቸውን ወልውለው ሳይጨርሱ ሞቱ። በእንጅባራ ዳርቻ፣ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ከበቀለበት ተረተር ሥር ባለው ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ፣ ደም አስታውከው። ኢንስፔክተር እህተማርያም ጥሪው ሲደርሳት ግራ ትከሻዋን እያሸች ቁርስ ልትቀምስ ተቀምጣ ነበር። ቁርሱም ቀረ፤ ትከሻዋም እንዳመማት ባጃጅ ውስጥ ገባች። የፖሊሱ መኪና ነዳጅ የለውም፤ መቼ ኖሮት ያውቃል!

ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ወንዶቹ አጥሩን ተደግፈው ያጉረመርማሉ፤ ሴቶቹ ደረት ይመታሉ። አንዲት ሴት ብቻ ከለቅሶው ተለይታ፣ በረቱ ደጃፍ ላይ፣ በሁለት ጎረምሶች መካከል መሬት ተቀምጣለች። ነጠላዋን ሴቶቹ ነጥቀዋታል። ስሜነሽ ትባላለች፤ የሟቹ ሁለተኛ ሚስት ናት፤ ጋሽ ደርበው የልጃቸው እናት ከሞተችባቸው በኋላ ከገጠር ያመጧት፣ አዊኛ ተናግራ ያደገች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት። ባሏ ሞቶ እንድታለቅስ እንኳ አልፈቀዱላትም። አይ ሰው!

«ኢንስፔክተር፣ እንኳን መጡ!» ብሎ የተቀበላት የሟቹ ልጅ ባንተአምላክ ነው። ዳንግላ ላይ የእህል ንግድ አለው፤ ሳይነጋ ተደውሎለት ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ ነው የመጣው። ዓይኑ ቀልቷል። «ይቺ ናት! ይቺ የእንጀራ እናቴ ናት አባቴን በመርዝ የጨረሰችው!»

«በምን አወቅህ?»

«በውሻው ነዋ! የአባቴ ውሻ፣ መቻል፣ ከትናንት በስቲያ ጥቁር ነገር አስታውኮ ሞተ። ከአባቴ ሳህን የሚተርፈውን የሚበላው ማን ሆነና? ውሻው ቀደመ፣ ጌታው ተከተለ። ይኼ ምን ፍቺ ያስፈልገዋል?»

አጥር የተደገፉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነትም ነገሩ ልክክ ብሎ ገጠመ። እህተማርያም ግን በጠዋቱ ልክክ የሚል ነገር አትወድም።

«ሬሳው ለምርመራ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ነገ ጠዋት ይመለሳል» አለች።

«ቀብሩም ነገ ነው» አለ ባንተአምላክ። «ይቺ ሴት ግን አጠገቡ አትደርስም። አፈሩንም አትረግጥም! ነገ ፈረሰኛው ሁሉ ሲሰበሰብ እዚያ ከተገኘች፣ ለሚሆነው ነገር እኔ የለሁበትም።»

ስሜነሽ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። አልተከራከረችም፤ እህተማርያምን ብቻ አየቻት። በዚያ አገር ባሏን ያልቀበረች ሴት ምን ተብላ እንደምትኖር ማንም የሚያጣው የለም። መርዘኛ ተብላ ትኖራለች፤ የምርመራው ውጤት ከዓመት በኋላ ንጹሕ ናት ብሎ ቢመጣ እንኳ ማን ሊሰማው! እህተማርያም እስከ ነገ ቀትር አንድ ነገር ካላገኘች፣ የስሜነሽ ነገር አለቀ ማለት ነው።

ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። ደሙ ይሸታል፣ ከሰሉ ይሸታል፤ ከሁለቱም በላይ ግን አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ቀዝቀዝ የሚያደርግ ሽታ አለ። ይህን ሽታ አላጣችውም። ትከሻዋ ላይ ያለው የሕመም ማስታገሻ ቅባት ራሱ ነው።

ብርድ ልብሱን ገለጠች። የሟቹ ክንድ ላይ እዚህም እዚያም የበለዘ ቦታ አለ።

«ይኸው!» አለ ከኋላዋ የቆመው ባንተአምላክ። «ደብድባዋለች!»

«እሷ?» አለች እህተማርያም። ጋሽ ደርበው በር ሲገቡ የሚያጎነብሱ ሰው ነበሩ፤ ስሜነሽ ደግሞ ከብብታቸው አትደርስም። ባንተአምላክም ነገሩ እንደማያስኬድ ገባው መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ጉልበቶቻቸውን አየች። ቆዳው ውኃ ውስጥ እንደ ዋለ እጅ ተጨማዶ ነጥቷል፤ አንዳንድ ቦታ ተልጦ ቀልቷል። ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር ስታይ የከሰል ምድጃ፣ የተጨማደደ ፌስታልና ረጃጅም የጨርቅ ጥብጣብ አገኘች። ጨርቁ ላይ ቀይ የፈረስ ፀጉር ተጣብቋል፤ ሲሸት ግን ያው ቅባቱን ነው። የመስኮቱ ደፍ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አቧራ ለብሶ፣ መካከሉ ላይ ብቻ ጣት ጣት የሚያህሉ ንጹሕ ቦታዎች አሉት። እዚያ ተጋድመው የኖሩ ነገሮች ዛሬ ተነሥተዋል። ቤቱን ሁሉ ብትፈትሽ አንድ የቅባት ቱቦ፣ አንድ ክዳን እንኳ አጣች። ሽታው ሞልቶ ባለሽታው የለም!

«አባትህ ጉልበታቸውን ምን ይቀቡ ነበር?» አለችው።

«ቅባት? እኔ ምን አውቄ! አባቴ ቅባት የሚቀባ ሰው አልነበረም።»

«እሺ» አለችና ወጣች።

ጎረምሶቹን አባርራ ከስሜነሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ነጠላዋን አስመለሰችላት። ስሜነሽ ነጠላውን ለበሰችና ያን ጊዜ ገና አለቀሰች። እህተማርያም እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ጉልበታቸውን ትቀቢያቸው ነበር?»

«አዎን እትዬ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ሲያቃስቱ በሰማሁ ቁጥር። ጉልበታቸውን፣ ጭናቸውን፣ ወገባቸውን። በቅቤ እንደ መቀባት አድርጌ፣ አብዝቼ። ዘንድሮ ዳማው ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ፈረሰኛውን ሊመሩ ነበራ! ጉልበታቸው እሺ ካላላቸው በምን ይወጣሉ?»

«ቅባቱን ማን አመጣው?»

«ከከተማ ነው የመጣ አሉኝ። ማን አመጣው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እስከ ትናንት ማታ መስኮቱ ላይ ነበር።»

«ጽሑፉን አላያችሁትም?»

«እኔ ፊደል መች ቆጠርኩ። እሳቸውም ዓይናቸው ደክሟል።»

«ፌስታሉስ?»

«ያን እንኳ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የዳማው እግር ሲያብጥ ቅባት ይቀቡትና፣ በፌስታል ሸፍነው፣ በጨርቅ ጠምጥመው ሙቀት ያስጠጉታል፤ ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ይሰርጻል ይላሉ። ‹ዳማን ያልጎዳ እኔን ምን ይለኛል› አሉኝ። እኔም እንደ ዳማው ጠምጥሜ፣ ምድጃውን አስጠግቼላቸው እተኛለሁ። ቆዳቸው ሲላጥ እንኳ፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው አሉኝ።»

«ውሻው ትራፊያቸውን ይበላ ነበር?»

ስሜነሽ በድንጋጤ ዓይኗን አፈጠጠች። «ኧረ በማርያም! የባሌን ትራፊ ለውሻ የምሰጥ ምን ጉድ ነኝ? ከሳህናቸው የተረፈውን የምበላው እኔ ነኝ። ትናንት ማታም በልቻለሁ።»

እህተማርያም ይህን ሰምታ በረጅሙ ተነፈሰች። ከአንድ ሳህን የበላችው ሚስት አጠገቧ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ታዲያ መቻል ምን ነክቶት ሞተ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ። እግራቸው ሥር ነበር የሚተኛው። መጠቅለያውን ስፈታ ጨርቁን ይልሳል፣ ጉልበታቸውን ይልሳል፣ እጄን ይልሳል። ቅባቱ እንዳይባክን ብዬ እጄንም አልታጠብም ነበር። እሳቸው ይስቁ ነበር፤ ‹ተዪው፣ ሐኪሜ ነው› ይሉኝ ነበር።»

«ሰሞኑን ሌላ ያየሽባቸው ነገር የለም?»

ስሜነሽ አፈረች። ቀስ ብላ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ነው የነገረቻት፦ ሰገራቸው እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ጥርሳቸውን ሲፍቁ ድዳቸው ይደማል። በትንሹ ሲነኳቸው ይበልዛሉ።

«ለማንም አልነገርሽም?»

«ለባንተአምላክ ደውዬለት ነበር፤ እንውሰዳቸው፣ ደም ነው ብዬ። ‹ከበዓሉ በኋላ እንወስደዋለን› አለኝ። አሁን ይህን ብናገር ማን ይሰማኛል?»

«ምግባቸውስ እንደ ድሮው ነበር?»

«ጎመን ትተው ነበር እንጂ። ድሮ ነፍሳቸው ነበር። ከልጃቸው ጋር ባሕር ዳር መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ ግን ‹ጎመን ለፈረስ ነው› ብለው እርም አሉ። ለማዳበሪያ ጉዳይ ነው የምንሄደው ይሉኝ ነበር።»

ማዳበሪያና ጎመን! እህተማርያም ትከሻዋን ማሸት ተወች። የገዛ እናቷ ልባቸውን ታመው ሳሉ ጎመን ላይ እንዲህ ያለ ጠብ ነበራቸው። ሐኪሙ ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ያደክማል፣ ልኩን ጠብቀው ይብሉ፣ አንዴ አብዝተው አንዴ አይተዉ ብሏቸው፣ እሳቸው ግን ተገላገልኩ ብለው ጭራሽ ተዉት። የሚወስዱት መድኃኒት ስም ትዝ አላት።

በረቱ ውስጥ ዳማው ፈረስ ቆሟል። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ግንባሩን ፈረሱ አንገት ላይ ደግፎ ያለቅሳል። ጋሽ ወገኔ ናቸው፤ ከሟቹ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ጎን ለጎን የጋለቡ ሰው።

እህተማርያም ጎንበስ ብላ የፈረሱን እግሮች አሸተተች። ሣር ሣር ይሸታሉ፣ ሌላ ምንም።

«ምን ታደርጊያለሽ፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ ወገኔ ተገርመው።

«የዳማው መጠቅለያ ጨርቅ የት ሄደ፣ ጋሽ ወገኔ?»

«ደርበው ቤት አስገብቶታል። የፈረሱ እግር ደህና ነው፣ ለእኔ ይሁን ብሎ።»

«እርስዎስ ጉልበትዎን አያምዎትም?»

«ወይ ጉልበት! እኔስ በሕመም ማስታገሻው ኪኒን ነው የቆምኩት። ለደርበውም አካፍለው ነበር፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ምነው? ወንድም ለወንድሙ ኪኒን ቢያካፍል ነውር ነው?»

«ኮርቻቸውን ያንሡልኝ እስቲ።»

ሽማግሌው አመነቱ። «የሰው ኮርቻ አይነካም። ደርበው በሕይወት ሳለ እኔም ነክቼው አላውቅ። ሴትማ ጭራሽ።»

«ለዚህ ነዋ አንሡልኝ ያልኩዎት» አለች። ሚስት የማትነካው፣ ጓደኛ የማይነካው ነገር አንድ ይኼ ብቻ ነው። ጋሽ ወገኔ አማትበው አነሡት። ከሥሩ በሚነጠፈው ጨርቅ፣ በግላሱ እጥፋት ውስጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የኪኒን ማሸጊያ ተሰፍቷል። እህተማርያም ስሙን አነበበች። እናቷ የሚወስዱት ደም ማቅጠኛ ነው።

ከዚያ ወደ ከተማ ወረደች። ሰዉ ቆሰበር በሚላት በእንጅባራ ከተማ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ብዙ አይደሉም፤ ወደ ዳንግላ ከሚሄዱት ሚኒባሶች መቆሚያ ፊት ለፊት ያለው የትዕግስት ነው። ትዕግስት ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ቆማ አገኘቻት።

«ይኼን የሚሰነፍጠውን ቅባት ሰሞኑን ደጋግሞ የገዛሽ ማነው?»

«ባንተአምላክ ነዋ፣ የጋሽ ደርበው ልጅ። ወደ ዳንግላ ሲመለስ ጎራ ይልና፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላ ይወስዳል። ቅባቱን ይበሉታል ወይ ብዬ ቀልጄበታለሁ።»

«ቀልደሽ ብቻ ዝም አልሽ?»

ትዕግስት ተቆጣች። «ኧረ ነግሬዋለሁ! በልኩ ሲቀቡት ደህና መድኃኒት ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ስስ አድርጋችሁ፣ በተባለው ጊዜ ብቻ፣ ያመመው ቦታ ላይ ብቻ ቀቡት። ቁስል ላይ አይደረግ፣ አይጠቅለል፣ እሳት አይጠጋው፤ ያን ጊዜ ወደ ውስጥ የሚገባው ይበዛል። ተመሳሳይ ኪኒን አብሮ አይዋጥ። ያመመው እጁ ራሱ ካልሆነ፣ የቀባው ሰው እጁን ይታጠብ። ሰገራ ከጠቆረ፣ ደም ከታየ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ቤት። ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ።»

«ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብለሽስ?»

«እሱንማ አስቀድሜ ነው የምጠይቀው። የልብ፣ የኩላሊት፣ የጨጓራ ሕመም አለባቸው ወይ? ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ ወይ? እንደሱ ከሆነ ያለ ሐኪም አልሸጥልህም አልኩት። ሳቀብኝ፤ ‹አባቴ ብረት ነው› አለኝ።»

እህተማርያም እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ከዚያ በትንሽ ድምፅ «እኔ ደግሞ ትከሻዬን ቀብቼ በጋለ ፎጣ እሸፍነዋለሁ» አለች።

«ይተዉ እንጂ፣ ኢንስፔክተር! ቆዳዎን ያቃጥሉታል።»

«አሁንማ መተዌ ነው።»

በማግሥቱ ማለዳ ሬሳው ተመለሰ። ሐኪሙ ደውሎ ያየውን ነገራት፦ የጨጓራው ግድግዳ ቆስሏል፤ ሰውየው የሞተው ደሙ ወደ ውስጥ ፈስሶ ነው። የመርዝ ምልክት አላየም፤ ናሙና ግን ተልኳል። እህተማርያም የሰበሰበችውን አንድ በአንድ ዘረዘረችለት።

«ቅባቱ ብቻውን ቢሆን ምናልባት አይገድልም ነበር» አላት ሐኪሙ። «ኪኒኑም ብቻውን እንደዚሁ። ሁሉም በደም ማቅጠኛ ላይ ሲደራረቡ ግን ጨጓራው ይቆስላል፣ የቆሰለው ይደማል፣ የደማው አይረጋም። ያሳዝናል። ሰገራው ሲጠቁር ቢያመጡት ኖሮ የመዳን ዕድል ነበረው።»

ከቀትር በፊት ድንኳኑ ሞላ። ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን ሸልመው ከአጥር ውጭ ቆመዋል። ዳማው ባዶ ኮርቻውን ተጭኖ በረቱ ደጃፍ ላይ ይንጎራደዳል። እህተማርያም ባንተአምላክን፣ ጋሽ ወገኔን፣ ትዕግስትንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሬሳው ካረፈበት ድንኳን አጠገብ ሰበሰበች። ስሜነሽንም ይዛ መጣች።

«እሷን አውጪልን!» አለ ባንተአምላክ፣ አክብሮቱንም ረስቶት።

«ተቀመጥ» አለችው። ተቀመጠ።

«ከውሻው እንጀምር» አለች እህተማርያም። «መቻል የጋሽ ደርበውን ትራፊ በልቶ ሞተ ተባለ። ትራፊውን ትበላ የነበረችው ግን ስሜነሽ ናት፤ ይኸው በሕይወት አለች። ውሻው ሰሞኑን የሚልሰው ሌላ ነገር ነበር፤ ጋሽ ደርበው ጉልበት ላይ የተቀባውን ቅባት። ሐኪሙ እንደነገረኝ ይህ ቅባት ለውሻ መርዝ ነው፤ አንጀቱን ያደማዋል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ቅባቱ ደግሞ በፈረስ ሕግ ነው የተቀባው። አልጋው ሥር ያገኘሁት ጨርቅ የፈረስ ፀጉር አለው፤ የፈረሱ እግር ግን ቅባት አይሸትም። የዳማው መጠቅለያ ጌታው እግር ላይ ነበር። በብዛት ተቀብቶ፣ በፌስታል ታፍኖ፣ እሳት ተጠግቶት፣ በተላጠ ቆዳ ላይ። በዚያ ላይ ኪኒን ይዋጥ ነበር።»

«የእኔ ኪኒን?» አሉ ጋሽ ወገኔ። «የእኔ ኪኒን ነው ልጄ?»

«ጋሽ ወገኔ፣ እርስዎ አላወቁም። ጋሽ ደርበው ልባቸውን ታመው ደም ማቅጠኛ ይወስዱ ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ኪኒኑን ኮርቻቸው ውስጥ ሰፍተው ደበቁት። ልቡን የታመመ ሰው ፈረሰኛ ይመራ ዘንድ ማን ይፈቅድለታል? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሳቸው መድኃኒቱንም ሸሸጉት። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በየወሩ ባሕር ዳር አብሮ የሚሄደው።»

ሁሉም ወደ ባንተአምላክ ዞረ።

«እኔ ለማዳበሪያ...»

«ተው እንጂ! ትናንት አባቴ ቅባት የሚቀባ ሰው አልነበረም አልከኝ። ትዕግስት ይኸው እዚህ ናት። ደጋግመህ የገዛኸው አንተ ነህ። ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ ወይ ብላ ስትጠይቅህ አባቴ ብረት ነው አልካት። ስሜነሽ ሰገራቸው ጠቆረ፣ ደም ነው ብላ ስትደውልልህ ከበዓሉ በኋላ አልካት። ስሜነሽ ማስረጃ መሰወር ብትፈልግ ጨርቁንና ፌስታሉን አልጋው ሥር አትተውም ነበር። ቱቦዎቹን ብቻ መርጦ ያነሣው፣ ቱቦዎቹ ወደ ማን እንደሚመሩ የሚያውቅ ሰው ነው። አሁን ሽንት ቤቱን ላስቆፍር ወይስ ትነግረኛለህ?»

ባንተአምላክ ወደ አባቱ ሬሳ ዞረ። «አስምሎኝ ነበር» አለ። «ከተናገርክ ልጄ አይደለህም አለኝ። ዘንድሮ መርቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት መሪነቱን ለእኔ ሊያስረክበኝ ነበር። ታሟል ከተባለ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ጥቂት ቀን ነው፣ ይችለዋል ብዬ... ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ትናንት ጠዋት መጥቼ ደሙን ሳይ ገባኝ። ቱቦዎቹን ሽንት ቤት ጣልኳቸው።»

«አባትህን ሰው ፊት ላለማዋረድ ዝም አልክ፤ ይሁን» አለች እህተማርያም። «ይቺን ሴት መርዘኛ ያልካትስ ማን አስምሎህ ነው?»

ባንተአምላክ ፊቱን ከስሜነሽ አዞረ።

«አባትህን ትቀብራለህ። ከቀብሩ በኋላ ማስረጃ በመሰወርና በሐሰት በመክሰስ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። ለዝምታህ ሕጉ ምን እንደሚልህ ዐቃቤ ሕግ ይፈልገው።»

ሽማግሌዎቹ እየተነሡ ስሜነሽን ይቅርታ ጠየቁ። ትናንት ነጠላዋን የነጠቋት ሴቶች ዛሬ አቅፈው ሳሟት። ስሜነሽ ግን አንዳቸውንም አታይም። እህተማርያም የፈራችው ይህንኑ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አሰላስላው ነበር፤ እውነቱን ሳትናገር ስሜነሽን የምታስለቅቅበት መንገድ አላገኘችም።

«እትዬ» አለች ስሜነሽ። «እንግዲያው እኔ ነኛ።»

«አይደለሽም።»

«አብዝቼ የቀባሁ እኔ። የጠመጠምኩ እኔ። ምድጃውን ያስጠጋሁ እኔ። ሲያቃስቱ አልችል እያልኩ...» እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። «ወይ ነዶ! ምነው መርዝ በሆነ! መርዝ ቢሆን እኮ ሌላ ሰው ነበር።»

«አንቺ አታውቂም ነበር፣ ስሜነሽ። የሚያውቀው ሰው ነው ዝም ያለው።»

«እጄ ግን የእኔ ነው» አለች።

ቀብሩ ተፈጸመ። ስሜነሽ ከሬሳው ኋላ ሄደች፤ በአዊኛ አለቀሰች፤ አፈሩንም ረገጠች። ዳማውን የሳቡት ጋሽ ወገኔ ናቸው፤ ባንተአምላክ ልጓሙን ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ እንዳላዩት ሆነው አለፉት።

ከቀብር መልስ እንደ ደንቡ በግቢው በር ላይ ለቀስተኛው እጁን ይታጠባል። የምታስታጥበው ሴት ደክሟት ነበርና እህተማርያም ጆጉን ተቀበለቻት። ትከሻዋ ያማታል፤ ቢሆንም አንድ በአንድ አስታጠበቻቸው። ጋሽ ወገኔ ታጠቡ፣ ትዕግስት ታጠበች። ባንተአምላክም ቶሎ ቶሎ ታጥቦ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ፖሊሶቹ ወደቆሙበት ሄደ።

መጨረሻ ላይ ስሜነሽ መጣች። እጆቿን ዘረጋች፣ እህተማርያም አፈሰሰችላት። ውኃው ጠርቶ መሬት ላይ ፈሰሰ። በቃ፣ አልቋል፤ ስሜነሽ ግን እጆቿን አልመለሰችም።

«ጨምሪልኝ» አለች።

ጨመረችላት። ስሜነሽ መዳፏን አሸች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች።

«አሁንም ይሸታል፣ እትዬ። ጨምሪልኝ።»

ጆጉ ባዶ ነበር። እህተማርያም ሌላ ውኃ ልትቀዳ ሄደች።